አክፋዩ ዳልቻ

እኔ አመስጋኝ ሰው ነኝ። ልመካ ብዬ አይደለም፤ ሰፈር የሚያውቀው ጉዴ ስለሆነ ነው። ሥራዬ ፀጉር ማስተካከል ነውና ምላጭ ጣቴን ሲሸርፈኝ «ተመስገን፣ የደንበኛው ጆሮ አይደለም» እላለሁ። የደንበኛው ጆሮ ሲሆን ደግሞ «ተመስገን፣ አንዱ ብቻ ነው» እላለሁ፤ ይህኛውን ግን በሆዴ ነው። መብራት ሲጠፋ ለሻማው፣ ውኃ ሲጠፋ ለበርሜሉ፣ ሁለቱም ሲጠፉ ለእንቅልፌ አመሰግናለሁ። ባለቤቴ ባንቺ «አንተ እኮ ቤቱ ቢቃጠል ለሙቀቱ ታመሰግናለህ» ትለኛለች። ቤቱ እስካሁን አልተቃጠለም፤ ተመስገን።

ይሁንና እስካለፈው ፋሲካ ድረስ ዓሣን አመሰግናለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም። ምን አገናኝቶን? እኔ የቁስቋም ልጅ ነኝ። በእኛ ሰፈር ዓሣ የሚታየው ተጠብሶ ከሳህን ላይ ነው፤ እሱም ቢሆን «በጾም ይበላል፣ አይበላም» የሚለው ክርክር ካለቀ በኋላ ነው፤ ክርክሩ ደግሞ ገና አላለቀም።

ነገሩ የጀመረው በአማቴ ነው። የባንቺ አባት አያ ቢምረው የቆላ ድባ ገበሬ ናቸው። ባለቤታቸው ካረፉ በኋላ ባንቺ «አባቴን ብቻውን አላስቀምጥም» አለች። በሬዎቹ ተሸጡ፣ ቤቱ ተቆለፈ፣ አያ ቢምረውም ጋቢያቸውንና ምርኩዛቸውን ይዘው እኛ ዘንድ መጡ። የተከራየናት ቤት ከዳቦ ቤት ጋር ግድግዳ ትጋራለች፤ የምድጃው ሙቀት በግድግዳው ዘልቆ ይመጣል። አያ ቢምረው ቤቱን ዞር ዞር ብለው አዩና ከዚያ ሞቃት ግድግዳ ሥር መደብ ላይ ተቀመጡ። ከዚያ በኋላ አልተነሡም ማለት ይቻላል።

አይናገሩም። የቀረበላቸውን ይቀምሱና ይመልሳሉ። «አያ፣ ምነው አይበሉም? ምን ይሠራልዎት?» ስንላቸው «ደኅና ነኝ ልጆቼ» ብቻ ነው። ጠዋት ጠዋት ከደጅ ወጥተው ሰማዩን ያዩና «ዛሬ ለእርሻ ሸጋ ቀን ነበር» ብለው ይመለሳሉ። ስለ ሟች ባለቤታቸውማ ከቀብሩ ቀን ወዲህ አንዲት ቃል አልወጣቸውም።

ጥምቀት ባለፈ ሰሞን እራት ላይ እያለን ድንገት «ፋሲካን ፈስኬ ልሄድ ነው» አሉ።

«ወዴት?» አለች ባንቺ።

«ከቤቴ።»

«ከቤትህ ማን አለ አባዬ?»

«ቤቴ አለ» አሉ።

ባንቺ ያን ማታ ሽሮው ላይ ጨው ደጋግማ ጨመረች። እኔም የጨዋማውን ሽሮ እየበላሁ (ለጨው ተመስገን) ከፋሲካ በፊት እኚህን ሰው ከእኛ ጋር የሚያጣብቅ ነገር ልፈልግ ቆረጥሁ። በሬ የለ፣ እርሻ የለ፣ ከዚያ ባዶ ቤት ገብተው ማን ውኃ ሊያቀብላቸው ነው?

የፀጉር ቤት ምክር ነጻ ነው፤ ጉዳቱም ይኸው ነው። አንዱ ደንበኛዬ አገጩን ሳሙና እንደ ለበሰ «ሽማግሌ የአገሩን ነገር አጠገቡ ካየ ይረጋጋል» አለኝ። እውነቱን ነው አልሁ። የአገራቸው ነገር ምንድን ነው? ቆላ ድባ። ቆላ ድባ ከምን አጠገብ ነው? ከጣና። ጣና ውስጥ ምን አለ? ዓሣ! ሐሳቡ እንዲህ ተንደርድሮ መጣልኝ። አንድ ጊዜ ቆም አድርጌ «አንተ ሐሳብ፣ ወዴት ነህ?» ብለው ኖሮ ይህ ሁሉ ባልመጣ፤ እንኳንም አላልሁት።

የተዘጋ ሱቅ ውስጥ ብስኩት ይደረደርበት የነበረ የመስታወት ሳጥን ለምኜ አገኘሁ፤ መስኮት የሚሠራው ወዳጄ ጠርዙን በሲሊኮን አሸገልኝ። በቆላ ድባ የገበያ ቀን ደግሞ ባዶ ጀሪካን ይዤ ወረድሁና ከሐይቁ ዳር ዓሣ ይዞ የመጣ ሰው ፈልጌ «በሕይወት ያለ፣ ትንንሽ የቀረሶ ዓሣ አምጣልኝ» አልሁት።

«ለልጅ መጫወቻ ነው?» አለኝ።

«አይ፣ ለአማቴ ነው።»

ትክ ብሎ አየኝ። «ምን አድርገውህ ነው?» አለ። ብቻ እዚያው አድሬ በማግስቱ ከጣቴ ብዙም የማይረዝሙ ሁለት ዓሣዎች ከነውኃቸው ጀሪካኔ ውስጥ ለቀቀልኝ። እግዜር ይስጠው።

ቤንዚን በጠፋበት ሰሞን ጀሪካን ታቅፎ ሚኒባስ መሳፈር ራስን ማስጠርጠር ነው። ኬላው ላይ ፈታሹ ክዳኑን አስከፈተና አፍንጫውን አስጠግቶ አሸተተ። ከውስጥ ያለው ዓሣ ይህን ትልቅ ጥላ ሲያይ ደነገጠ መሰለኝ፣ በጅራቱ ውኃውን ፈታሹ ፊት ላይ ረጨው። ተሳፋሪው በሙሉ ሳቀ። ሰውየው ፊቱን በእጅጌው ጠራርጎ «ለምን በሕይወት ትወስደዋለህ?» ሲለኝ እውነቱን ነገርሁት። «አማት ቢኖረኝ ይሻል ነበር» ብሎ ለቀቀኝ። እስከ አሁን ምን ማለቱ እንደሆነ አልገባኝም፤ ግን አልፈናል።

ቤት ስደርስ ሳጥኑን ከሞቃቱ ግድግዳ አጠገብ፣ ልክ ከአያ ቢምረው መደብ ፊት ለፊት አስቀመጥሁና ዓሣዎቹን ለቀቅሁ። «አያ፣ የአገርዎን ነገር አመጣሁልዎት!»

ጎንበስ ብለው አዩ። ቀና ብለው እኔን አዩ። «ምነው ልጄ፣ ዓሣ እኮ አልበላም» አሉ።

«ለመብላት አይደለም አያ። ለማየት ነው።»

«ለማየት?» አሉ። «እኔ ጣናን የማውቀው ከሩቅ ሲያብረቀርቅ ነው። ዓሣ የባለ ታንኳ ነው፤ እኔ የጤፍና የሽንብራ ሰው ነኝ። የሚናፍቁኝስ በሬዎቼ ናቸው።» ይህን ብለው ጀርባቸውን ለዓሣዎቹ ሰጥተው ተቀመጡ።

ባንቺ ሳቋን በነጠላዋ ጫፍ ይዛ ወደ ጓዳ ገባች። ለብዙ ጊዜ ያልሳቀች ሴት ናትና እሱንም ከትርፍ ቆጠርሁት።

እንግዲህ ሰው ጀርባውን ሰጥቶ ስንት ቀን ይቀመጣል? ከዕለታት አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ ከውስጥ የአያ ቢምረው ድምፅ ይሰማኛል፤ ያውም ቁጣ። «ተው ቦራ! ተው ብያለሁ! ዳልቻ ምን አደረገህ? ልቀቀው!» እንግዳ መጣ ብዬ ገባሁ። አማቴ ምርኩዛቸውን ይዘው መስታወቱ ፊት ቆመዋል። ግንባሩ ነጣ ያለውን ዓሣ ቦራ፣ አመድማውን ዳልቻ ብለውታል። የተሸጡት በሬዎቻቸው ስም ነው።

«ይኼ ቦራ ተዋጊ ነው» አሉኝ፣ እንደ ተያዘ ሰው አፍረት ብጤ ይዟቸው። «ዳልቻ ግን ጨዋ ነው። ያኛው ዳልቻዬም እንዲሁ ነበር፤ ድምፅ አያሰማም፣ ትልሙን አይስት።»

ከዚያች ቀን ጀምሮ ቤታችን ተከፈተ። አያ ቢምረው ከዳቦ ቤቱ ፍርፋሪ እየለመኑ ያበሏቸዋል፣ ይመክሯቸዋል፣ ሲጣሉ ያስታርቋቸዋል። ራሳቸውም እንጀራ ጨርሰው ይበሉ ጀመር። እኔም «ፋሲካን ረስተውታል፣ ተመስገን» እያልሁ ሳለ አንድ ቀን «እኔ ስሄድ ለነቦራ ማን ያበላልኛል?» አሉኝ። አልረሱትም። ቀጥለውም «ዳልቻ አንድ ነገር ከሆነማ ፋሲካንም አልጠብቅ። እዚህ ምን ይዞኝ?» አሉ። እንግዲህ የአማቴ መክረም ጣት በምታህል ዓሣ ላይ ተንጠለጠለ ማለት ነው።

ሁዳዴ ገባ። አያ ቢምረው እስከ ዘጠኝ ሰዓት ይጾማሉ። ዓሣዎቹንም ከዘጠኝ ሰዓት በፊት አያበሉም። «እኔ ሳልቀምስ ፊቴ ቁጭ ብለው ሊያላምጡ? አይሆንም» አሉ። ቦራ በጠዋቱ መስታወቱን በአፍንጫው እየደበደበ ይለምናል፤ «ጾም ገዳፊ!» ብለው ይሰድቡታል። ዳልቻ ዝም ብሎ ይጠብቃል። ለዚህም ተመሰገነ።

ለገብርኄር ሰሞን ሳጥኑ ማንጠብጠብ ጀመረ። ወዳጄ መጥቶ «ሲሊኮኑን እንደ ገና ልምታው፣ እስኪደርቅ ውኃ አይንካው» አለ። ዓሣዎቹን የት እናድርጋቸው? ውኃ ከጠፋ ሰንብቷል፤ ያለችን ግማሽ የደረሰች አንዲት ሰማያዊ በርሜል ናት። ዓሣዎቹን እዚያ ጨመርሁና አያ ቢምረውን አስጠንቅቄ ወደ ሥራ ሄድሁ። ባንቺ ገበያ ነበረች። እንዳልነገርኋት ትዝ ያለኝ የሰው ግማሽ ፀጉር ቆርጬ ሳበቃ ነው፤ ግማሽ ፀጉር ይዞ ሰው አይለቅም፤ ቀረሁ።

ማታ ስገባ ባንቺ እጇን አፏ ላይ አድርጋ በር ላይ ቆማለች።

«ቄስ ይርዳው መጥተው ነበር» አለችኝ። የንስሐ አባታችን ናቸው፤ ሁዳዴ ሳያልቅ ቤት ለቤት እየዞሩ ጠበል ይረጫሉ።

«ተመስገን።»

«አባዬ አንቀላፍቷል። ውኃ አቅርቡ ሲሉኝ ያለው የበርሜሉ ነው አልኋቸው። ለጎረቤቱም ይሁን ብለው ጠቅላላ በርሜሉ ላይ ደገሙ።»

«ተመስ...» ብዬ አቆምሁ።

ቄስ ይርዳው ጸሎታቸውን አድርሰው መስቀላቸውን ውኃው ውስጥ ሲነክሩ፣ ዳልቻ ፍርፋሪ የመጣ መስሎት ብቅ ብሎ መስቀሉን ሳመው። ቄሱ ደንግጠው ወደ ኋላ አሉ። ከዚያ ጎንበስ ብለው አይተው በሳቅ ፈረሱ አሉ። «በዚህ ቤት መስቀል ለመሳም እንዲህ የቸኮለ አይቼ አላውቅም» ብለው ሄዱ። ይህቺ ለእኔ እንደሆነች ገብቶኛል።

ችግሩ ጸሎቱ እንዳለቀ፣ ዳልቻ ብቅ ከማለቱ በፊት፣ አከራያችን እትዬ ዘርፌ ሙሉ ማሰሮ ቀድተው ወደ ቤታቸው መግባታቸው ነው። እሳቸው በግቢው ፊት ለፊት ይኖራሉ፤ ጸሎተኛ ናቸው፣ ወሬም አይጠሉም። በማግስቱ ሲያገኙኝ ዓይናቸው በርቷል። «የትናንቱ ጠበል ኃይለኛ ነው! ቀምሼው አላውቅም እንዲህ ያለ። ሽታው ራሱ ይናገራል!» አሉኝ። እኔ ምን ልበላቸው? ሲያማቸው የከረመው ወገባቸው ደግሞ ተሻላቸው። ዝም ብዬ አመሰገንሁ።

የተባረከ ውኃ ሰው በሚረግጥበት አይደፋ። ስለዚህ ሳጥኑ ሲደርቅ ዓሣዎቹን ከነጠበላቸው ወደ መስታወቱ መለስናቸው። ልክ በዚያው ሰሞን፣ በኒቆዲሞስ እሑድ መሆኑ ነው፣ ዳልቻ መብላት አቆመ።

ፍርፋሪው አፍንጫው ሥር ቢወድቅ አያየውም። ጥግ ይዞ ይቆማል። ጉሮሮው ሥር እብጥ ብሏል። አፉን ዘግቶ ቀስ ቀስ እያለ ያላምጣል፤ ግን የሚውጠው ነገር የለም። ከዘጠኝ ሰዓት በፊትም በኋላም ያው ነው። አያ ቢምረው ለረጅም ጊዜ ተመልክተው ፍርዳቸውን ሰጡ።

«ጠበል ተጠምቆ ይብላ? እየጾመ ነው። ከንፈሩን አታየውም? እየደገመ ነው።»

ይህን እትዬ ዘርፌ ሰሙ። እትዬ ዘርፌ ሰሙ ማለት ከቀሃ ወንዝ ወዲህና ወዲያ ያለ ሰው ሰማ ማለት ነው። ጎረቤቱ እየተመላለሰ መስታወቱ ፊት ይቆም ጀመር። ከዚህ ቀደም በጾም ጠዋት ጠዋት ፓስቲ ይገምጥ የነበረ የዳቦ ቤቱ ጋጋሪ እንኳ ዳልቻን አይቶ ከሄደ ወዲህ እስከ ስድስት ሰዓት መጠበቅ ጀመረ። «ዓሣ ቀድሞኝ ሊጸድቅ?» አለ። እትዬ ዘርፌ ደግሞ ተልባም ሱፍም ተዉና በቆሎና ሽንብራ ብቻ ቆረጠሙ።

ነገሩ እየገፋ ሲሄድ ባንቺ ጨነቃትና ቄስ ይርዳውን ጠየቀች። ቄሱ ጢማቸውን እያሻሹ ዳልቻን ተመለከቱ። «ጾም የታዘዘው ለሰው ነው፤ ለዓሣ አልታዘዘም» አሉ። ደስ አለኝ። «ነገር ግን» አሉ ቀጥለው፣ «አልበላም ያለውን ዓሣ ብላ ብለህ አስገድደው የሚል ቀኖናም አላየሁ።» ደስታዬ እዚያው ቀረ።

እኔ ግን ዓይኔ የሚያየው ሌላ ነው። ዳልቻ ከስቷል። ጀርባው ስለት ሆኗል፣ ጉሮሮው ብቻ ያብጣል። ይሞታል። ዳልቻ ሲሞት አማቴ ጋቢያቸውን ያነሣሉ። በፀጉር ቤት ጠየቅሁ። አንዱ «ጆሮ ደግፍ ነው» አለ። አንዱ «እንጥሉ ወርዷል፣ ይቆረጥ» አለ። ሦስተኛው ሳያመነታ «ፌጦ!» አለ። አገራችን ፌጦ የማያድነው በሽታ አታውቅም፤ እኔም በዓሣ ላይ አይሠራም የሚል ሰምቼ አላውቅም። ምክሮቹን አቀላቀልኋቸው።

የስቅለት ዕለት ሁሉም ለስግደት ቤተ ክርስቲያን ውሏል። እኔ ወገቤን ይዤ ቀደም ብዬ ወጣሁ። ቤት ገባሁ፤ ባዶ ነው። የምሠራበትን ወረንጦ ከቦርሳዬ አወጣሁ። ፌጦ የነካካ የዳቦ ፍርፋሪ አዘጋጀሁ። ዳልቻን በግራ እጄ ያዝሁት፤ አልታገለኝም፣ አፉን ብቻ ጥርቅም አደረገው። ወረንጦውን ወደ ከንፈሩ አስጠጋሁ።

«እጅህን አውጣ።»

አያ ቢምረው በሩ ላይ ናቸው። የረሱትን ምርኩዝ ሊወስዱ ተመልሰዋል።

«አያ፣ እየሞተ ነው እኮ! እንዳይሞትብን ብዬ...»

«ይሙት! ጾሙን ይዞ ይሙት! ምነው ልጄ፣ በስቅለት ቀን ጾመኛን በወረንጦ? ሆምጣጤ ያጠጡት እነዚያ እንኳ ወረንጦ አልያዙም!»

እጄን አወጣሁ። ዳልቻ ወደ ጥጉ ሄደ። አማቴ እስኪረጋጉ ቆዩና መደቡ ላይ ተቀመጡ፤ ድምፃቸው ወረደ።

«እናንተ ደጎች ናችሁ። ከመጣሁ ጀምሮ ብላ፣ ጠጣ፣ ተናገር፣ ተጫወት ትሉኛላችሁ። እግዜር ይስጣችሁ። ግን ዝም ያለ ሁሉ ታሟል አይባልም ልጄ። ሰው አፉን ቢዘጋ፣ በአፉ የያዘው ነገር ይኖረው ይሆናል። ሲደርስ ይከፍተዋል። እስከዚያ አይጎረጎርም።»

ወረንጦውን ወደ ቦርሳዬ መለስሁ። አፈርሁ፤ ደግሞም ወደድኋቸው። ከዚያ በፊት የሚስቴ አባት ስለሆኑ አከብራቸው ነበር፤ ከዚያች ሰዓት በኋላ ግን ለራሴ እንዲቀሩልኝ ፈለግሁ። እሳቸው ግን ያን ዕለት ጋቢያቸውን አጣጥፈው፣ ልብሳቸውን በስልቻ ከትተው በጠፍር አሰሩ። ቅዳሜን ከአርብ ጋር አክፍለው፣ ማለትም እህል ውኃ ሳይቀምሱ ዋሉ። ዳልቻም እንደዚያው። ሁለት አክፋይ በአንድ ቤት፣ ፊት ለፊት ተቀምጠው ተያዩ። ቦራ ብቻ በላ።

ፋሲካ ነጋ። ሌሊቱን አስቀድሰን፣ ፈስከን፣ ተኝተን ስንነሣ ፀሐይ በመስኮት ገብታ መስታወቱ ላይ አርፋለች። የአያ ቢምረው ስልቻ በሩ ሥር ተቀምጧል። ባንቺ ወደዚያ ላለማየት ዶሮ ወጡን ታማስላለች። እትዬ ዘርፌ «አክፋዩ እንዴት አደረ?» ብለው ዳቦ ይዘው መጡ።

አማቴ ተልባ በኩባያ ይዘው መስታወቱ ፊት ቆሙ። «ሆዱ ደርቋል፤ ተልባ ሳያለሰልሰው ዳቦ አይሆንም» አሉ። ባንቺ «አባዬ፣ ዓሣ ተልባ አይጠጣም» ብላ ከለከለቻቸው። እያጉረመረሙ የዳቦ ፍርፋሪ ጣሉ። «በል እንግዲህ ዳልቻ፣ እንኳን አብሮ አደረሰን። ፍሰክ።»

ዳልቻ ከጥጉ ወጣ። ፍርፋሪውን አላየም። አፉን ከፈተ፤ ከአፉም የሆነ ነገር ብትን ብሎ ወጣ።

«ያልሁት ይህን ነበር!» ጮኹ አያ ቢምረው። «በባዶ ሆድ ዳቦ ሰጥተን አስመለሰው!»

ተሯሩጠን መስታወቱ ላይ ተደፋን። የወጣው ነገር ግን አይሰምጥም። ይንቀሳቀሳል። ዓይን አለው! እንደ ኑግ የጠቆሩ ዓይኖች፣ ከኋላቸው እንደ ክር የቀጠነ ጅራት፤ ብዙ፣ በጣም ብዙ፤ በእናታቸው ፊት ይርመሰመሳሉ። አዎ፣ በእናታቸው። እኔ «በሬ ወለደ» ሲባል የውሸት ሁሉ ውሸት ነው እየተባልሁ ያደግሁ ሰው ነኝ፤ ይኸው ዳልቻ በዓይኔ ፊት ወለደ።

አያ ቢምረው አፋቸው ተከፍቶ ቀረ። «ላም ኖራለች?» አሉ ቀስ ብለው። «ያን ሁሉ ጊዜ የጠመድሁት ላም ኖራለች?»

እትዬ ዘርፌ ይህን ሲሰሙ መቻል አቃታቸው። እልል አሉ። ባንቺም ተቀበለቻቸው። እልልታው ቤቱን ሲያናውጠው ጫጩቶቹ ደነገጡ፤ ተግተልትለው ወደ ዳልቻ አፍ ገቡ። አንድም ሳይቀር። ዳልቻም አፏን ግጥም አደረገች።

እልልታው ተቆረጠ።

«ፈሰከችባቸው» አሉ አያ ቢምረው። ፊታቸው ዐመድ መሰለ። «ያን ሁሉ ጾማ፣ ጾማ፣ በገዛ ልጆቿ ፈሰከች።» ዞረው ስልቻቸውን አነሡና ትከሻቸው ላይ አደረጉ። «በቃኝ። እዚህ ቤት ለእኔ የሚሆን የለም። በሉ፣ ደኅና ሁኑ።»

ባንቺ በሩ ላይ ቆማ «አባዬ» ትላለች፤ እንባዋ ይወርዳል። እኔ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ የማመሰግንበት አጣሁ። ለማለት የመጣልኝ የራሳቸው ቃል ብቻ ነው። «አያ፣ አፏን ዘግታለች። አይጎረጎርም ብለውኝ የለም? ትንሽ እንቆይላት።»

ቆሙ። ስልቻውን ከትከሻቸው አላወረዱም፤ ግን ፊታቸውን መለሱ። ከግድግዳው ማዶ ጋጋሪው የዳቦ ትሪ ሲያስቀምጥ ይሰማል። ዳልቻ ወደ ሞቃቱ ግድግዳ ተጠግታ ቆየች። ሁሉም ጸጥ ማለቱን ስታረጋግጥ አፏን ከፈተች። አንድ ወጣ። ቀጥሎ ሌላ። ከዚያ ሁሉም ወጡ፤ በሕይወት፣ ደኅና ሆነው።

በኋላ ያን ዓሣ የሰጠኝን ሰው ቆላ ድባ ገበያ አግኝቼ ስጠይቀው ሳቀብኝ። ቀረሶ እንቁላሏን አፏ ውስጥ ይዛ ነው የምትፈለፍል፤ እህል የማትቀምሰው እንዳትውጣቸው ነው፤ ሲፈሩም የሚሸሹት ወደ እናታቸው አፍ ነው። በዚያ ወረንጦ አፏን ከፍቼ ቢሆን ኖሮ ልጆቿን ሁሉ በገዛ እጄ በጨረስኋቸው ነበር።

አያ ቢምረው ግን ያን ጠዋት ማንም ሳያስረዳቸው የገባቸው ይመስለኛል። ስልቻውን ቀስ ብለው አወረዱ። ወደ መስታወቱ ጎንበስ ብለው «እንኳን ማርያም ማረችሽ» አሏት። ከዚያ ቀና ሳይሉ ማውራት ጀመሩ።

«ባንቺ፣ እናትሽ እንዲህ ነበረች። በረዶ ሲጥል፣ አስታውሳለሁ፣ ሁላችሁንም ከጋቢዋ ሥር ትሰበስባችሁ ነበር። የማን እግር እንደወጣ አይታወቅም። አንድ ጊዜ የጎረቤት ልጅም አብራ ሰብስባ አሳድራዋለች፤ ሳትቆጥር...»

ባንቺ ጉልበቷን ታቅፋ መደቡ ሥር ተቀመጠች። ዶሮ ወጡ ከሰሉ ላይ ተረሳ። አባቷ አወሩ፤ ስለ ሠርጋቸው አወሩ፤ ስለ መጀመሪያው ዓመት አዝመራ አወሩ፤ ሲስቁም ሲያለቅሱም አየኋቸው። እትዬ ዘርፌ እንኳ፣ ለማመን ይቸግራል፣ አላቋረጡም። ወጡ አረረ። ያረረ የፋሲካ ዶሮ እንደዚያ ጣፍጦኝ አያውቅም፤ ለማረሩ ተመስገን።

ማታ ጠፍሩ ከስልቻው ተፈትቶ ምስማር ላይ ተሰቅሎ አየሁ። ስለመሄድ ማንም አላነሣም። በማግስቱ እኔ ፈራ ተባ እያልሁ «አያ፣ እንግዲህ ወደ ቆላ ድባስ?» ስላቸው እንደ ሞኝ አዩኝ። «በሬውን ጠምዶ ትልም መሃል ጥሎ የሚሄድ ገበሬ አይተህ ታውቃለህ?» አሉ።

አሁን ሥራ በዝቶባቸዋል። ቦራን ከጫጩቶቹ ለይተው በርሜሉ ውስጥ አስረውታል። ለልጆቹ ስም ያወጣሉ፤ ጉራች፣ ወይኖ፣ ሻንቆ፣ በቆላ ድባ የሚያውቋቸው የበሬ ስሞች ሁሉ አለቁ። ከዚያ ወደ ሰው ገቡ። አንዱ ቄስ ይርዳው ነው፤ ወደ ላይ ብቅ ማለት ይወዳል። እትዬ ዘርፌ የሁሉንም ጉዳይ እየዞረች የምትጎበኘዋ ናት።

ከሁሉ የመጨረሻው አንድ አለ። ወንድሞቹ አድገው በራሳቸው መዋኘት ጀምረዋል፤ እሱ ግን ጥላ ባየ ቁጥር ወደ እናቱ አፍ ይሮጣል፤ እናቲቱ አፏን ብትዘጋበትም ከንፈሯ ላይ ተለጥፎ ይጠብቃል። ሲመሽ ሲነጋ አያ ቢምረው ያን ዓሣ ሲጠሩት እሰማለሁ። የሚጠሩት በእኔ ስም ነው።

መጀመሪያ ቀን ስሰማ ባንቺ ሳቋን ነጠላዋ ውስጥ ደበቀችው። እኔ አልሳቅሁም። ሰውየው ስም የሚያወጡት ለሚወዷቸው በሬዎቻቸው እንደሆነ አውቃለሁ። መቁረጫዬን ይዤ ወደ ሥራ ስወጣ ደጁ ላይ ቆም ብዬ ሰማዩን አየሁ። ለፀጉር ማስተካከል ሸጋ ቀን ነበር።